መካሪን መምረጥ ሥራን ከመምረጥ ይቀድማል
በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍል ያለን ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሳንጠየቅ የምንውልበት ቀን የለም። ጥያቄውም «ምን ልትሆኑ ነው?» የሚል ነው። በገበያ ቀን የምናገኛቸው ዘመዶቻችን ይጠይቁናል፤ በሰንበቴ ይጠይቁናል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እንኳ ይጠይቁናል። መልሱንም ጠያቂው ራሱ ይዞልን ይመጣል። አንዱ «ዶክተር ሁኑ» ይላል፤ ሌላው «ኢንጂነር ሁኑ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ምንም ብትሆኑ ከዚህ አገር ውጡ» ይላል። «ራስሽን መርምረሻል ወይ? ሥራውንስ በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ሥራን ስለ መምረጥ ከመነጋገራችን በፊት በሥራ ምርጫ የሚመክረንን ሰው ስለ መምረጥ እንድንነጋገር አሳባችሁን ልለምን እወዳለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት የደረሰ አንድ ነገር ነው። ከሌላ ከተማ አንድ «ካሪየር ኮች» መጥቶ የግማሽ ቀን ትምህርት እንደሚሰጥ ተነገረን። መግቢያው 500 ብር ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ገንዘቡን ለማግኘት እናቷ እንቁላል የምትጥል ዶሮዋን ሸጠችላት። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰውዬው አለባበሱ ያማረ፣ አንደበቱ የተባ ነው። ሕልማችሁን በወረቀት ጻፉ አለን፤ ጻፍን። ጮክ ብላችሁ አንብቡ አለን፤ አነበብን። አጨበጨብን፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠን። ጓደኛዬ «አውሮፕላን አብራሪ» ብላ ጻፈች። ሰውዬው የማንኛችንንም የሒሳብ ውጤት አልጠየቀም፤ የማንኛችንንም የቤት ሁኔታ አልጠየቀም፤ አብራሪ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግም አልተናገረም። በሳምንቱ ጓደኛዬ ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ መጣችና «እሺ፣ አሁን ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ሰውዬውን ክፉ ነው አልልም፤ ምናልባት እሱም በሚናገረው ያምን ይሆናል። ነገር ግን ዶሮዋ ተሸጣለች፤ ጥያቄውም እንዳለ ቀርቷል።

ለመሆኑ ይህ «ኮች» የሚሉት ቃል ከወዴት መጣ? በሀንጋሪ አገር ኮች የምትባል መንደር አለች፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በዚያች መንደር የሚሠራው ባለ ፈረስ ሠረገላ ዝናው በመላው አውሮፓ ወጣ፤ ሠረገላውም በመንደሩ ስም ተጠራ። በኋላ የእንግሊዝ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በቀልድ «ኮች» አሉት፤ ፈተናውን አሳፍሮ ያሻግራልና። እንግዲህ ቃሉ በመሠረቱ መጓጓዣ ማለት ነው። በከተማችን ባጃጅ ላይ ስንወጣ ነጂው አስቀድሞ «ወዴት?» ይለናል እንጂ ወደ ራሱ ቤት አይወስደንም። መልካም ኮችም እንዲሁ ነው። አስቀድሞ ጠይቆና አዳምጦ ተማሪው ራሱ መንገዱን እንዲያይ ይረዳዋል። መካሪ ደግሞ ከዚህ ጥቂት ይለያል፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ መግቢያ ውጤቱና ስለ ሥራው ዕውቀት ኖሮት መረጃ ይሰጣል። ሦስተኛው በዚያው ሥራ ውስጥ የሚኖርና ልምዱን የሚያካፍል ሰው ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ችግሩ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ስም ይዞ ሲነግድ ነው። በብዙ አገሮች ኮች ለመባል የመንግሥት ፈቃድ ስለማይጠየቅ ማንም ሰው ነገ ተነሥቶ በስሙ ላይ ሊጨምረው ይችላል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የሥራ ምርጫ ምክር በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ እንደሆነ ይነገራል። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በ1908 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች የሥራ ምርጫ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ቢሞትም መጽሐፉ በ1909 እ.ኤ.አ. ታተመለት። ትምህርቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ራስህን እወቅ፤ ሁለተኛ ሥራዎቹን እወቅ፤ ሦስተኛ ሁለቱን በአስተዋይነት አገናኝ። ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ከዚህ የተሻለ አጭር መንገድ አላየሁም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያደረግነውን በዚህ ብንመዝነው ከሦስቱ አንዱንም አልሠራንም ማለት ነው።

ነገር ግን መካሪና መምህር መምረጥን ከቦስተን መማር አያስፈልገንም። አገራችን የዚህ ጥበብ አገር ናት። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ሲወጣ በጭፍን አይሄድም ነበር፤ ዛሬም አይሄድም። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ ይወጣል፤ ቅዳሴ የፈለገ ሰለልኩላን ይጠይቃል፤ ቅኔ የፈለገ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይወርዳል። የተክሌን አቋቋም የፈለገ ደግሞ ከሩቅ አገር ወደዚሁ ወደ ደብረ ታቦር ይመጣል። ከእነዚህ ስመ ጥር ጉባኤ ቤቶች ሦስቱ በዚሁ በደቡብ ጎንደር መሆናቸውን ልብ በሉ። ተማሪው ከመሄዱ በፊት «መምህሩ በምን የታወቁ ናቸው? ከማን ተማሩ? የት ተመሰከረላቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ከደረሰም በኋላ የመምህሩን አያያዝ፣ የቀደሙትንም ተማሪዎች ዕውቀት ያያል፤ ካልተስማማው አኩፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል። እንግዲህ አያቶቻችን ለአንድ የትምህርት ዓይነት ይህን ያህል ከተጨነቁ እኛ ዕድሜ ልካችንን የምንኖርበትን ሥራ በማን ምክር እንደምንመርጥ ምነው አናጣራም?

ከዚህ ልማድ ተነሥቼ መካሪን የምንመዝንባቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ እላለሁ።

አንደኛው፤ የማን ተማሪ ነው? ይኸውም የሚናገረውን ከየት አወቀው? ሥራውን ሠርቶታል ወይስ ስለ ሥራው ሰምቷል? ከዚህ በፊት የመከራቸው ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? በፎቶግራፍ የሚያሳየንን ሳይሆን ሄደን የምናነጋግረውን ሰው ይጥቀስልን።

ሁለተኛው፤ ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል ወይ? ሐኪም የበሽተኛውን ምልክት ሳይጠይቅ መድኃኒት ቢያዝ ማን ይቀበለዋል? ለ200 ሰው አንድ ዓይነት ምክር የሚሰጥ ሰው ንግግር አደረገ እንጂ ምክር አልሰጠም።

ሦስተኛው፤ ከምክሩ ምን ያገኛል? ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። ወደ ዓረብ አገር ልውሰዳችሁ የሚለው ደላላ እጅግ ጎበዝ መካሪ ነው፤ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ችግራችንን ያውቃል፤ ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን ክፍያውን የሚያገኘው ከሄድን ነው እንጂ ከበጀን አይደለም። ለትምህርት ተቋም ተማሪ የሚመለምል ሰውም እንደዚሁ ነው። ደመወዙ በተመዝጋቢ ቍጥር ከሆነ «ይህ ትምህርት ለአንቺ አይስማማሽም» ሊለኝ አይችልም።

አራተኛው፤ የሥራውን መራራ ጎን ይናገራል ወይ? መራራ የሌለው ሥራ የለም። ጣፋጩን ብቻ የሚነግረን ወይ ሥራውን አያውቀውም፤ ወይ ሊሸጥልን ይፈልጋል።

አምስተኛው፤ «ይህን አላውቅም» ይላል ወይ? አላውቅም የሚል መካሪ ወደሚያውቅ ሰው ይመራናል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ግን ሁልጊዜ ወደ ራሱ ይመራናል።

ይህን አምስተኛውን ያስተማሩኝ አንድ መምህራችን ናቸው። ከአዳራሹ ትምህርት በኋላ ግራ ተጋብቼ ብሄድባቸው «ሕልምሽ ምንድን ነው?» አላሉኝም። «ባለፈው ወር ማንም ሳያዝሽ የሠራሽው ሥራ ምንድን ነው?» አሉኝ። አሰብኩና ገሳይ ቤታችን ስሄድ የታመመች ጥጃችንን የምትበላውንና የማትበላውን በየቀኑ በደብተር እጽፍ እንደነበር ነገርኳቸው። እሳቸውም «እኔ የከብት ሕክምና አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ግን አለ» ብለው ወደ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወሰዱኝ። ሁለት ቅዳሜ አብሬያቸው ዋልኩ። ጭቃ ነው፤ የእግር መንገድ ነው፤ መድኃኒት ያልቃል። አንድ ገበሬ በጉን በጣም ዘግይቶ አመጣውና ሞተ፤ ሰውዬውም ባለሙያውን ተቆጥቶ ሄደ። በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ደክሞኝ ስመለስ መምህሩ አግኝተውኝ «አሁንስ?» አሉኝ። «አሁንም እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ይህን መልስ የሰጠኝ ጭብጨባ አይደለም፤ ጭቃው ነው። ገንዘብም አልከፈልኩም።

አባቴ ግን እስካሁን አልተስማሙም። «በስንት ችግር ያስተማርኩሽ ለከብት ነው?» ይላሉ። እናቴ ዝም ትላለች፤ ጥጃዋ ግን በመዳኗ ደስ ብሏታል። አባቴ ይህን መጽሔት ሲያነቡ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። የሚሉትን ከፍቅር እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ብርድ ባለበት በጉና ግርጌ ድንችና ገብስ አምርተው እኔን ደብረ ታቦር ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩኝ ክብር እንዳገኝ ብለው ነው። ነገር ግን ወላጅ ምንም ቢወደን በወላጅነቱ ብቻ የሥራ መካሪ አይሆንም። ወላጅ ልጁን ያውቃል፤ ሥራውን የሚያውቀው ሌላ ነው። ሁለቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩ የልጁ መንገድ በተቃና ነበር።

ተሰጥኦን የሚያይ መካሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ይመሰክራል። በ1940 ዓ.ም. አካባቢ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። አገሪቱም መሐንዲስ ትፈልግ ስለነበር አሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የሥዕል ችሎታቸውን ያዩ መምህራን አበረታቷቸውና ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ፤ በለንደንም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቅ ባለ ቀለም መስተዋት የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያስተውል መምህር ባያጋጥማቸው ኖሮ ምናልባት አንድ መሐንዲስ እናገኝ ነበር፤ ያን መስተዋት ግን አናገኝም ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ልምጣ። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ብቻ ናቸው። በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ጓደኞቻችን ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። እኛ ግን ምክር ስንል ዘወትር የምናስበው ላለፉት ነው፤ የትኛውን ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛውን ክፍል ይምረጡ እያልን። ላላለፉት ከመቶ ዘጠና ለሚበልጡት ማን ይመክራል? እነሱ አይደሉም ወይ ምክር ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው?

በሰፈራችን አንድ ልጅ በ2015 ዓ.ም. ተፈትኖ ሳያልፍ ቀረ። ሰው እንዳያየው ብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት አይወጣም ነበር። በኋላ አጎቱን ለመጠየቅ ወረታ ወርዶ ሳለ በፎገራ የሩዝ እርሻ የሚሠሩ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ሲጠገኑ አየ፤ እጁንም አስገባ። ዛሬ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ እናቱንም ይረዳል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔን ግን ያሳዝነኛል። አንድ ዓመት በኀፍረት የተቀመጠው «ሌላም መንገድ አለ» የሚለው ሰው ስላጣ ነውና። ያን ልጅ ከሥራው ያገናኘው ዕድል ነው። ዕድል ያልገጠማቸውስ ዛሬ የት አሉ?

የኀፍረቱ ምክንያት ደግሞ የእጅ ሥራን መናቃችን ነው። ጋፋት ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ስፍራ ናት። በዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን የእጅ ሙያ ያላቸውን አውሮፓውያን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። «አናውቅም» ቢሉም ሞከሩ፤ ሳይሳካላቸው ቀረ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ተሠራ። ያልመረጡትን ሥራ በንጉሥ ትእዛዝ መሥራታቸውን አላመሰግንም። የማደንቀው ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ማቅለጥን አለመናቃቸውን ነው። በኋላም ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። እኛ ግን በጋፋት አጠገብ ተወልደን «ቴክኒክና ሙያ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ እንሰማዋለን። ለምሳሌ እኔ የምፈልገውን ሥራ ብንወስድ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለ፤ ውጤቴ ካልበቃ ደግሞ በቴክኒክና ሙያ መንገድ የእንስሳት ጤና ረዳት መሆን ይቻላል። የታመመችው ጥጃ የመጣሁበትን መንገድ አትጠይቀኝም።

አንዳንድ ሰዎች «ምርጫ የሀብታም ልጅ ነገር ነው፤ ድኻ ያገኘውን ይሥራ» ይላሉ። በዚህ አሳብ ውስጥ እውነት መኖሩን አልክድም። ነገር ግን የሀብታም ልጅ ቢሳሳት ሁለተኛ ይሞክራል። የእኛ አንድ ስሕተት ግን የአንድ በሬ ዋጋና የሦስት ዓመት ዕድሜ ነው። ስለዚህ መካሪ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለድኻው ነው። ሌሎች ደግሞ «መምህራን የሚያስተምሩበት ጊዜ እንኳ አልበቃቸውም» ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ከመምህራን ብዙ ጊዜ የሚወስድ አይደለም።

የመጀመሪያው አሳቤ በየወሩ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሠራተኛ ሰው እንዲጋበዝልን ነው። ነርስም ይሁኑ፣ ብረት በያጅም ይሁኑ፣ የመንገድ መሐንዲስም ይሁኑ፣ ገበሬም ይሁኑ፣ ስለ ሥራቸው መራራ ጎን ለመናገር ፈቃደኛ ይሁኑ። ሁለተኛው ከተጋባዦቹ መካከል ፈተናውን ያላለፉ የቀድሞ ተማሪዎች እንዲኖሩ ነው። እስከ ዛሬ የምንጋብዘው ያለፉትን ብቻ ስለሆነ ያላለፈ ሰው የሞተ ይመስለናል። ሦስተኛው እያንዳንዱ ተማሪ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ቀን በአንድ የሥራ ቦታ ውሎ ያየውን በደብተር እንዲጽፍ ነው። አራተኛው የምርጫ ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ሦስቱ በአንድነት ለሩብ ሰዓት እንዲቀመጡ ነው። ለዚህ ሁሉ አዳራሽ መከራየት፣ ዶሮም መሸጥ አያስፈልግም።

ለክፍል ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር አለ። ምክር መስማት ጥሩ ነው፤ «ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላልና። ነገር ግን መካሪውንም እኛ እንምረጠው። ከሁሉ አስቀድመንም ከቤት ሳንወጣ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ባለፈው ወር ማንም ሳያዘን የሠራነው ሥራ ምንድን ነው? ጓደኛዬ ይህን ጥያቄ ሰሞኑን ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለችና «የታናናሾቼን ሒሳብ ማስረዳት» አለችኝ። አብራሪ ትሁን ወይስ መምህርት፣ እኔ አልወስንላትም። የምስክር ወረቀቷ አሁንም በግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ግን አብረን ወደ አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ቤት ልንሄድ ተቀጣጥረናል።

ወላጆቻችንም ፈቃዳችሁ ቢሆን በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ውጤታችን ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ጠይቁልን። አባቴ፣ እርስዎም ይምጡ።